የአድዋ ዘመን ተራ ወታደር፦ ስንቁ፣ ጠመንጃው፣ ሚስቱና መሬቱ

ዶሴ ፈላጊ፦
ሰላም ለቤቱ። ስለ ራሶቹና ስለ ደጃዝማቾቹ ብዙ ተብሏል። እዚህ ላነሣው የምፈልገው ከታች ያለውን ሰው ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ከሸዋ ገጠር ተነሥቶ አድዋ የደረሰ፣ ማዕረግ የሌለው፣ አንድ ጠመንጃ ይዞ አንድ አለቃ የሚከተል ወታደር። ቤቱ በምን ይተዳደር ነበር? ስንቁ ስንት ነው፣ ማን ያሰናዳዋል፣ በምን ይጫናል? ሚስቱ አብራው ትዘምታለች ወይስ ትቀራለች? ቢሞትስ መሬቱ የማን ይሆናል? "ጀግኖች አባቶቻችን" የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጠንና አሠራር የምታውቁ ጻፉልን።

ባለቁና፦
ከስንቁ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በሱ ላይ ነው።

የክተት አዋጁ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ታወጀ፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲገኝ ታዘዘ። መሐሉ 38 ቀን ነው። ከዚያ ላይ ከየመንደሩ እስከ ወረኢሉ ያለውን መንገድ ቀንስ፤ ለቤቱ የቀረው ጊዜ አንድ ወር ቢሞላ ነው። መስከረም ደግሞ ለስንቅ ክፉ ወር ነው። ክረምቱ ጎተራውን አራቁቶታል፣ የመኸሩ እህል ገና ማሳ ላይ ነው፣ ጤፉ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ክፉ ቀን የሚባለው ታላቁ ረሃብ ካለፈ ሦስትና አራት ዓመት በኋላ መሆኑን አትርሳ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት እልቂቱ በሬውን ጨርሶ ብዙው ገበሬ በመቆፈሪያ ሲያርስ የነበረበት አገር ነው።

አሁን እናስላው። አንድ ዘማች ተጉዞ ለመዋል በቀን ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ደረቅ ምግብ ያስፈልገዋል እንበል። ወታደሩ፣ አንዲት ሴትና አንድ አሽከር ቢሆኑ በቀን ሁለት ኪሎ ከሩብ ነው። ለመቶ ቀን 225 ኪሎ። በሸዋ ልክ ዳውላ 20 ቁና ሆኖ ወደ 100 ኪሎ ስለሚጠጋ፣ ከሁለት ዳውላ በላይ ማለት ነው። አህያ ለረጅም ጉዞ የምትችለው 50፣ ቢበዛ 60 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለሦስት ሰው የመቶ ቀን ምግብ አራት አህያ ይፈልጋል። ተራ ወታደር አራት አህያ ከየት ያመጣል? አንድ ቢኖረው ነው፤ እሱም ድንኳን ወይም ምንጣፍ፣ ድስትና ምጣድ ይጫንበታል።

ስለዚህ "ስንቁን ይዞ ዘመተ" ሲባል የመንገዱን ሁሉ ምግብ ይዞ ወጣ ማለት አይደለም። ከቤቱ የወጣው የሦስት የአራት ሳምንት ያህሉን ይዞ ነው። የቀረው በየመንገዱ ከተከማቸው የመንግሥት እህል፣ ከአለቃው ድርጎ፣ ከገበያና ከባላገሩ ጎተራ የሚሟላ ነው። የመጨረሻውን ባላገሩ "ዘረፋ" ይለዋል፣ ልክም ነው።

የስንቁ ዓይነት በሁለት ነገር ይመረጣል፦ ሳይበስል መበላቱና ለክብደቱ የሚሰጠው ጉልበት። ከሁሉ በላይ በሶ ነው። ገብሱ ውሃ ነክቶት በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ገለባው ይነፋል፣ በደንብ ይደርቅና ይቆላል፣ ከዚያ ይፈጫል። ችግር የሚመጣው ከቆሎው ነው። እሳቱ በርትቶ ውጭው ቢያርርና ውስጡ ጥሬ ቢቀር ዱቄቱ እርጥበት ይስብና በስልቻው ውስጥ ይጓጉላል። ጭኮ በቅቤ የታሸ በሶ ነው፤ ለደጋ መንገድ የሚወዳደረው የለም፣ ቆላ ሲወርዱ ግን ቅቤው ቀልጦ ስልቻውን ያርሰዋል፣ ይቆመጥጣልም። ድርቆሽ ቀላል ነው፣ ግን ቦታ ይፈጃል፤ መሐሉ ሳይደርቅ ከታሠረ ደግሞ በሳምንቱ ሻጋታ ያወጣል። ቋንጣው በጨውና በበርበሬ ታሽቶ በቀጭኑ ካልተዘለዘለ ይተላል። ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና ድልህ ማጣፈጫና መለወጫ ናቸው። ለጾሙም ይታሰብበታል፤ ቋንጣና ጭኮ ብቻ የጫነ ሰው ሁዳዴ ሲገባ አጥንት የጫነ ያህል ነው።

እመት ወፍጮ፦
ባለቁና ስሌቱን በደንብ ሠርተኸዋል፣ የረሳኸው ግን ፈጪዋን ነው። ሁለት ዳውላ እህል በራሱ ዱቄት አይሆንም። የድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ በመጅ የምትፈጭ ሴት አንድ ቁና ለማውጣት ማለዳዋን ትጨርሳለች፣ ልም እንዲሆን ከተፈለገ ሁለተኛ ትደግመዋለች። 40 ቁና መፍተግ፣ መቁላትና መፍጨት ለአንዲት ሴት የወር ሥራ ነው፤ ያውም ውሃ፣ እንጨትና ልጅ ሳይቆጠር። የአዋጁ ጊዜ የሚበቃው ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ ሲፈጭ ነው። በሰፈር ውስጥም ቢሆን እህሉ ጥሬውን ከተገኘ ወፍጮ ያስፈልጋል። ትንሽ ወፍጮ በአህያ የሚጭኑ ነበሩ፤ የሌለው ቆሎ ቆርጥሞ ያድራል።

"ሚስቱ ትዘምታለች ወይስ ትቀራለች" ለሚለው፦ የትኛዋ ሚስት? የሰማንያ ሚስት በውል የገባች፣ የቤቱ እኩል ባለቤት ናት። ብትፋታ ንብረቱን ትካፈላለች። እሷ ብዙ ጊዜ የምትቀረው ቤትና መሬት ጠባቂ ስለሚያስፈልገው ነው፤ በኅዳር የሚያጭድ፣ ግብር የሚከፍል፣ ድንበር ሲገፋ ዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ከዘማቹ ጋር የምትሄደው ብዙ ጊዜ የደሞዝ ሚስት ናት። በዓመት ወይም በወር ይህን ያህል ብር፣ ይህን ያህል ልብስ ተብሎ በምስክር ፊት ውል ትገባለች። እንጀራ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ዕቃ ትሸከማለች፣ ውሉ ሲያልቅ ሒሳቧን ተቀብላ ትሄዳለች። የወለደችውን ልጅ አባትየው "ልጄ ነው" ካለው ከሌሎቹ ጋር ይወርሳል። የዘር ሐረግ የምትፈልጉ ሰዎች የምትሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንዱ የአባት ስም በሁለት በሦስት አገር የሚገኘው ሰውየው ብዙ ስለሆነ ሳይሆን፣ በየዘመቻው ቤት ስለነበረው ሊሆን ይችላል።

ሌላው የዘነጋችሁት ውሃ ነው። አድዋ ላይ ሴቶቹ በገምቦ ውሃ እየተሸከሙ በተኩሱ መካከል ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያደርሱ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ቆመው ያስተባበሩት ነው። መቀሌ ላይ ደግሞ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን ጣሊያን ያስለቀቀው መድፍ አይደለም፣ ምንጩ በመያዙ ነው።

ቀለህ፦
ጠመንጃውን ለእኔ ተዉልኝ።

በ1888 የሸዋ ወታደር እጅ ላይ በብዛት የሚገኘው ውጅግራ ነው፦ የፈረንሳይ ግራስ፣ የ1874 ሥሪት፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ጎራሽ፣ ባዶውን አራት ኪሎ ከምናምን የሚመዝን። ከሱ ሌላ ሰናድር (የእንግሊዝ ስናይደር) አለ፤ በጉንደትና በጉራ ከግብጾች የተማረከው ሬሚንግተንም በተለይ በሰሜኑ ጦር እጅ ነበር። ችግሩ እዚሁ ላይ ይጀምራል። የውጅግራ ጥይት ሬሚንግተን አይጎርሰውም፣ የሬሚንግተኑም ሰናድር ውስጥ አይገባም። አንድ አለቃ ሥር ሦስት ዓይነት ጠመንጃ ካለ፣ ከወደቀው ጓደኛህ ዝናር ፈትተህ የምትወስደው ጥይት ላይሠራልህ ይችላል።

የውጅግራዋ እርሳስ 25 ግራም፣ ባሩዷ ከ5 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ከነቀለሁ ከ40 ግራም በላይ ትመዝናለች። 40 ጥይት ዝናር ላይ ማለት ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም ነው። ብዙው ሰው ግን ይህን ያህል አልነበረውም። ጥይት በየገበያው እንደ ገንዘብ ይሄድ ነበርና በሰላሙ ጊዜ ጨውና በርበሬ ገዝቶ የጨረሰውም አለ።

ዘመኑ ጭሱ የበዛ የጥቁር ባሩድ ነው። ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት ጨው ስላለበት እርጥበት ይስባል፤ ሳይታጠብ ካደረ በማግስቱ ይዝጋል። ሰዎች ቅባት ብቻ ቀብተው ያስቀምጡታል፣ ይህ ስሕተት ነው፤ ቅባቱ ጨውን አያሟሟውም። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ከዚያ ሞራ ይቀባል። ባዶ ቀለህ አይጣልም፣ እንደገና ይሞላል። ግን ተደጋግሞ የተተኮሰበት ቀለህ አንገቱ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ሲተኮስ ውስጡ ይጣበቅና ጠመንጃው ለዚያ ውጊያ ዱላ ይሆናል። ለዚህ ነው ጎራዴና ጋሻ ያልቀረው፣ ለጌጥ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠመንጃው ብዙ ጊዜ የወታደሩ አይደለም። የመንግሥት ወይም የጌታው ነው። ዋስ ጠርቶ ይረከባል፣ ሲጠየቅ ያቀርባል።

ሸንቁጥ፦
ደመወዝስ? አፄ ቴዎድሮስ ለወታደር ደመወዝ ቆርጠው ዘረፋ ከልክለው አልነበረም እንዴ? በምኒልክ ጊዜ ለምን ወደ ኋላ ተመለሰ?

ርስተኛ፦
ወንድሜ ሸንቁጥ፣ ሐሳቡ ነበር፤ ዘላቂ አልሆነም። ቴዎድሮስ የየአገሩን ሰው በአንድ ጭፍራ ቀላቅለው አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃና ሻለቃ እያሉ መደቡት፣ ባላገሩን ከወታደር ምሪት፣ ማለትም ወታደርን ቤቱ አስገብቶ ከመቀለብ፣ ለማዳን ሞከሩ። ደመወዝ ግን የጥሬ ገንዘብ ግብር ይፈልጋል። አገሩ በእህል፣ በማርና በአሞሌ የሚገብር ስለሆነ ግምጃ ቤቱ ብር አልነበረውም። ኋላ አገሩ ሲሸፍትባቸው ሠራዊቱን የመገበው ያው ዘረፋ ነው።

በምኒልክ ጊዜ የወታደሩ መተዳደሪያ በሦስት መንገድ ይመጣ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሰው፣ መሀል ሰፋሪው፣ ባሩድ ቤቱ፣ ዘበኛው፣ የእህል ቀለብና የዓመት ልብስ ያገኛል። ሌላው በባላገር ቤት ይመራል፤ ያስገባው ገበሬ ያበላዋል፣ ፈረሱን ይቀልብለታል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነበር፣ ከክፉ ቀን በኋላ ደግሞ ገበሬው ራሱ የሚበላው ስላልነበረው በ1884 እና 85 ገደማ አሥራት ተደንግጎ ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ ተሞከረ። ሦስተኛው ማደሪያ ነው። በተለይ ወደ ደቡብ በተያዘው አገር ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይቆረጥለታል። ቁጥሩ እንደ ማዕረጉ ነው። ገባሩ እህል ይሰፍራል፣ ይፈጫል፣ እንጨት ያቀርባል፣ አጥር ያጥራል፣ የተወሰነ ቀን ያርሳል። ስለዚህ "አያቴ ነፍጠኛ ነበሩ" የሚል ሰው ያያቱን ስንቅ የፈጨችው አያቱ ብቻ እንዳልሆነች ይወቅ፤ የገባሩ ሚስትም ፈጭታለች። ያንን ሳይጨምሩ የወታደር ቤት ታሪክ መጻፍ ግማሹን መቁረጥ ነው።

አሁን ወደ ዶሴ ፈላጊ የመጨረሻ ጥያቄ። ማደሪያና ርስት አይምታቱባችሁ። ርስት በአባትም በእናትም ዘር የሚመጣ ነው፤ ሰውየው ቢሞት ለልጆቹ ይከፈላል፣ ሴት ልጅም ትካፈላለች። ማደሪያ ግን የአገልግሎቱ ዋጋ ነው። አገልጋዩ ሲሞት መሬቱ ለሰጪው ይመለሳል። ባልቴቲቱ ቤቱን ይዛ የምትቆየው ልጇ ወይም ወንድሟ ጠመንጃውን ተቀብሎ በሟቹ ቦታ ከቆመ ነው። ልጁ ሕፃን ከሆነ አለቃው ደግ ሰው ቢሆን እስኪያድግ ይታገሣል፣ ካልሆነ ለሌላ ወታደር ይሰጠዋል። አድዋ ላይ ባሏ የወደቀባት የማደሪያ ሚስት ሐዘኑ ሳይወጣላት ሌላ ወታደር የምታገባው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እመት ወፍጮ፦
የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አልቀበለውም፣ ሁሉም እንደዚያ አልነበረም። የራሷ ርስት ያላት ሴት ወደ ወላጆቿ አገር ትመለስና የእናቷን ድርሻ ትይዛለች። ለማግባት የምትገደደው መሬት አልባ የሆነችው ናት፤ ከሩቅ አገር ተከትላ መጥታ ደቡብ ላይ የሰፈረችው ማለቴ ነው።

ርስተኛ፦
ልክ ነው እመት፣ ለመሬት አልባዋ ብለን እናጥብበው።

ደጀን፦
የጉዞውን ነገር ማንም አላነሣውም። ከአዲስ አበባ አድዋ በወረኢሉ፣ በአሸንጌ፣ በአምባላጌና በመቀሌ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። የሚሄደው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፣ ዝናብ ስለሌለ። ዘመቻ ከመስቀል በኋላ የሚወጣውና ከክረምት በፊት የሚመለሰው ወንዝ ስለሚሞላና ጭቃ የጭነት ከብት ስለሚሰብር ነው።

ሰፈሩ ሥርዓት አለው። የንጉሡ ድንኳን መሐል ይተከላል፣ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝአዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። በየቀኑ ቦታው ቢቀየርም አቀማመጡ አይቀየርም፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው የጌታውን ድንኳን አቅጣጫ አይቶ የራሱን ጎጆ ቦታ ያገኛል። ከተዋጊው ያልተናነሰ ሴት፣ አሽከርና ልጅ በሚከተልበት ሠራዊት ይህ ባይኖር ማታ ማታ ባልና ሚስት አይገናኙም ነበር።

የሚበላሸው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የጭነት ከብቱ ጀርባ። ጭነቱ በሁለቱ ጎን እኩል ካልሆነ መጫኛው ይፈገፍጋል፣ ጀርባው ይላጣል፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ ይገባል፣ በሳምንት ውስጥ ከብቱ ከጥቅም ውጭ ነው። ያንዲት አህያ መሞት ለተራው ወታደር ቤት የሦስት ሳምንት ምግብ መሬት ላይ መቅረት ነው። ከብቱን የፈጀው በሽታ አህያና በቅሎ አይነካም፤ ለዚህ ነው ከክፉ ቀን በኋላም በሬ ጠፍቶ የጭነት ከብት ሊገኝ የቻለው። በቅሎና ፈረስ ግን ቆላ ላይ የራሳቸው በሽታ አለባቸው።

ሁለተኛው ሆድ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሠራዊት ኮሶ አለበት። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ተወቅጦ በውሃ ይጠጣል፣ ሰውየውን ቀኑን ሙሉ ያስቀምጠዋል፣ ያዳክመዋል። በየሁለት ወሩ ገደማ መጠጣት የተለመደ ስለሆነ አንድ ዘመቻ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያጋጥማል። ማረፊያ ቀን ካልተገኘ ዘማቹ በጉዞ ላይ ይጠጣና ከደጀኑ ጋር ሲንፏቀቅ ይውላል።

ሦስተኛው የሰፈሩ ረዥም መቆየት ነው። አድዋ ላይ ሁለቱ ጦር ተፋጥጦ በተቀመጠበት በየካቲት የአካባቢው እህል አለቀ። ከሁለቱ ስንቁ ቀድሞ የሚያልቅበት ይሸሻል የሚል ትዕግሥት ነበር፤ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቴሪም የቀረው የጥቂት ቀን ምግብ ስለነበር ነው ከሮም ግፊት ጋር የተንቀሳቀሰው። የካቲት 23 እሑድ ማለዳ ከኢትዮጵያ ጦር የተወሰነው እህል ፍለጋ ወጥቶ፣ ሌላው ቅዳሴ ላይ ነበር። ባለቁና ከላይ ያሰላው የሁለት ዳውላ ሒሳብ እስከ ጦር ሜዳ ድረስ የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ሸንቁጥ፦
ቁስለኛውስ?

ደጀን፦
ለስብራት ወጌሻ አለ፤ አጥንቱን አቅንቶ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ማሠሪያ ያስረዋል፣ በዚህ ጎበዞች ነበሩ። ያቃታቸው ሆድና ደረት የገባ ጥይት ነው፤ የውጅግራም ሆነ የጣሊያን እርሳስ አጥንት ሲመታ ይፈረካከሳል፣ ስባሪው ውስጥ ይመግላል። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ የደረሱት ከጦርነቱ በኋላ በ1888 ክረምት ነው፤ እስከዚያ በሕይወት ተጉዞ የተመለሰ ቁስለኛ ነው ያገኙት። ቁስለኛውን 1,000 ኪሎ ሜትር ያመጣው ማን ነው ካልከኝ፣ ሚስቱ፣ አሽከሩና ወንድሙ በቃሬዛ ናቸው። ብቻውን የዘመተ ሰው እግሩን ከተመታ እዚያው ይቀር ነበር።

ዶሴ ፈላጊ፦
እግዜር ይስጣችሁ። አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። የድል በዓሉን በፈረንጅ ማርች 2 እናከብራለን፣ መጻሕፍቱ ግን ማርች 1 ይላሉ። የቤተሰብ ወረቀት ላይ ያለ ቀን ስቀይር የትኛውን ልከተል?

ባሕረ ሐሳብ፦
ሁለቱም ትክክል ናቸው። የፈረንጆቹ 1900 እንደ እኛ ዘመነ ሉቃስ አንድ ቀን የሚጨመርበት ዓመት መሆን ሲገባው ሳይሆን ታለፈ፤ በእኛ ግን አልታለፈም። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሁለቱ ቀመር ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። የካቲት 23 ቀን 1888 በወቅቱ ማርች 1፣ 1896 ነበር፣ ዛሬ ግን የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። ዘመናዊ መቀየሪያ መተግበሪያ ሁሉ ይህን አያውቅም፤ አንዳንዱ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን በዛሬው ስሌት ይቀይረዋል። መፈተሻ ይሁንህ፦ አምባላጌ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዲሴምበር 7፣ 1895 ካልሰጠህ መቀየሪያው ተሳስቷል። ለዓመቱ ደግሞ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ጨምር። የድሮ ወረቀት ላይ "88" ብቻ ከተጻፈ ፈረንጅ ነው ወይስ ሐበሻ ብለህ ጠይቅ፤ የ8 ዓመት ስሕተት አያትን ከአድዋ ወደ ክፉ ቀን ይወስዳቸዋል።

ርስተኛ፦
ለዶሴ ፈላጊ የመጨረሻ ምክር። የተራ ወታደርን ስም በቀጥታ አትፈልግ፣ አታገኘውም። መጀመሪያ የጌታውን ስም አግኝ፤ ማንን ተከትሎ ዘመተ? ከጌታው ግዛት ተነሥተህ መሬቱ የት እንደተሰጠ ትደርሳለህ። አዲስ አበባ ላይ ከሆነ የሰፈሩ ስም ራሱ ይመራሃል፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚባሉት ጌታው ከነጭፍራው የሰፈረባቸው ናቸው። ቀጥሎ የመሬት ግብር ደረሰኝና የርስት ክርክር ዶሴ ፈልግ። ክርክር ያለበት ቤተሰብ ዕድለኛ ነው፣ ምክንያቱም ርስት ተከራካሪ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን በስም ይቆጥራል፤ ለራሱ እንዲመች አንዳንዱን ዘሎ ስለሚቆጥር ግን የተቃዋሚውንም ቆጠራ አብረህ አንብብ። ዶሴው "ጋሻ" የሚል ከሆነ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሔክታር መሆኑን ያዝ። በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን ስብስቦች ስትጠይቅ የዓለም ስሙን ብቻ ሳይሆን የክርስትና ስሙንም ይዘህ ሂድ፤ የደብር መዝገብና የተዝካር ዝርዝር የሚጽፈው በክርስትና ስም ነው።

እመት ወፍጮ፦
የሚስቶቹንም የክርስትና ስም ጠይቅ። የሁሉንም።